መራራ

ካርቱም ውስጥ በብዙ ነገር ተታልያለሁ፤ እንደ «መራራ» ያታለለኝ ቃል ግን የለም።

ጊዜው 2010 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም። ሐበሻ በሚበዛበት በዴም ሰፈር፣ ሌሊት ሌሊት ሆዴን ይዤ ቁጭ ማለት ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ሕመሙ ከቀኝ ጎድኔ ሥር ይነሣና ትከሻዬ ላይ ይወጣል። የግቢው ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ «ጨጓራ ነው፣ ፌጦ በሎሚ ጠጣ» ይላል። አከራያችን ሐጃ ደግሞ ሰምግ በውሃ በጥብጠው አመጡልኝ። ሰምግ የግራር ሙጫ ነው፤ ለዓለም ገበያ በብዛት የምታቀርበው ሱዳን ናት። እኔም የድርሻዬን ጠጣሁ። ሕመሙ ግን ሙጫ እንደነካው ሰው ጭራሽ ተጣበቀብኝ።

ሲብስብኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዱክቱሩ ሆዴን በአልትራሳውንድ አየና «መራራ» አለ፤ ደገመና «መራራ!» አለ፤ «ዐመሊያ» የሚል ቃልም ጨመረበት። የኔ ዐረብኛ ሱቅ አል-ዐረቢ ውስጥ በዋጋ ክርክር የተለቀመ ነው፤ ከሸሚዝ አልፎ ሆድ ዕቃ አይደርስም። «ዐመሊያ» ቀዶ ጥገና መሆኑን ብቻ አውቃለሁ። ስለዚህ የገባኝ «መራራ ነገር ተው፣ ካልተውክ ትቀደዳለህ» የሚል ነው።

ተውኩ። ያለ ስኳር የምጠጣትን ቡና እርም አልኩ። ጥግ ላይ ጀበና የምታፈላው ሲት ሻይ «ያ ሐበሺ፣ ተጣላን እንዴ?» እስክትለኝ ድረስ ራቅኋት። የቀረኝ ፉል ነው። መራራ አይደለም፣ የጾም ነው፣ ምን ይጎዳል? የካርቱም ፉል በጠርሙስ ቂጥ ይደቆስና የሰሊጥ ዘይት ይፈስበታል። እኔ ደግሞ ሕመምተኛ ነኝ ብዬ አስጨመርኩ። በላዩ ላይ በዘይት የተጠበሰ የሽምብራ ጣዕሚያ።

የዚያን ሌሊት ጩኸቴ ሐጃን ከአልጋ አስነሣ። ካርቱም ተወልዶ ያደገ ጎረቤቴ መጥቶ ዱክቱሩ የጻፈልኝን ወረቀት አነበበና ሳቁን መያዝ አቃተው። «አንተ ሰው፣ መራራ ማለት እኮ ሐሞት ነው! ሐሞትህ ውስጥ ጠጠር አለ ነው የሚልህ!»

ኋላ እሱን አስተርጓሚ አድርጌ ወደ ዱክቱሩ ተመለስኩ፤ አስረዳኝ። ጉበት የሠራውን ሐሞት የሐሞት ከረጢት ያጠራቅማል፤ ቅባት ሲበላ ከረጢቱ ተጨምቆ ይለቀዋል። ጠጠሩ በሩ ላይ ከተወተፈ ያ ጭንቅ ይመጣል። ቅቤ ይሁን የሰሊጥ ዘይት ለከረጢቱ አንድ ነው። ሐሞት ጾምና ፍስክ አይለይም።

ቡናዬን ታርቄ ዘይት ፈታሁ። የማሽላ ቂጣው ኪስራ፣ በውሃ የተቀቀለ ምስር፣ ፓፓያ፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ፋሲካ ሲደርስ ዶሮ ወጡን በዓይኔ ፈሰክሁት። መሻሌን ሳይ ደግሞ ጀገንኩና «ጭራሽ ባልበላስ?» ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳልበላ መዋል ጀመርኩ። ዱክቱሩ ተቆጣ፤ ለረጅም ሰዓት ባዶ ሆድ ሲዋል ሐሞቱ ሳይፈስ ተኝቶ ይወፍራል፣ በአንድ ጊዜ መክሳትም ጠጠር ይጨምራል አለኝ።

አራት ወር ተኛሁ፤ እንቅልፍ ማለቴ ነው። ከዚያ በአልትራሳውንድ ስታይ ጠጠሩ እንዳለ ነው። አመጋገቡ ሕመሙን አስተኛው እንጂ ጠጠሩን አላሟሟም። አንድ ሠርግ ላይ በአንድ ጉርሻ ተቀሰቀሰ።

«ይውጣ» ሲሉኝ ግን ሌላ ፍርሃት መጣ። በእኛ አገር ሐሞት ማለት ወኔ ነው። ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ሐሞተ ቢስ ሆኜ ልቀር ነው? ዱክቱሩ ይህ ሲተረጎምለት ሳቀ። ከረጢቱ ቢወጣም ጉበት ሐሞት መሥራቱን አያቆምም፤ ላንገንቡኽ የተባለ ሐኪም በርሊን ላይ በ1882 እ.ኤ.አ. አውጥቶ አሳይቷል። እኔም በትናንሽ ቀዳዳ ወጣልኝ። ጠጠሩን በብልቃጥ ሰጡኝ።

የኔን ጅልነት አትድገሙ። ከቀኝ ጎን የሚነሣ ሕመም ሁሉ ጨጓራ አይደለም። ትኩሳት ከጨመረበት ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ደግሞ የምግብ ለውጥ የሚሞከርበት ጊዜ አልፏልና ወደ ሐኪም ሩጡ።

ስለ ወኔው፦ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት ብልቃጡን መደርደሪያ ላይ ትቼ ወጣሁ። በገዳሪፍ በኩል እስከ መተማ በተጓዝንበት መንገድ፣ ሐሞት ያለውም የሌለውም እኩል ነበር የሚሮጠው።