ዕውቀት በአበል ብቻ ይግባ

ድርጅታችን ከውጭ የሚመጣ ዕውቀት ይጠላል የሚሉ ሐሜተኞች አሉ። ኧረ ይወዳል! ሥራ አስኪያጁ ከነምክትላቸው ለልምድ ልውውጥ ዱባይ ደርሰው ሲመለሱ ዕውቀቱ ከሽቶው ጎን በሻንጣ ተጭኖ ይመጣል። አበል ይወራረዳል፣ ሪፖርት ይጠረዛል፣ ፎቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የተጎበኘው ፋብሪካ ምን እንደሚያመርት የሚጠይቅ ባለጌ እስካሁን አልተገኘም።

የሚያስቸግረን በኮንትሮባንድ የሚገባው ነው። የሽያጭ ሠራተኛው መርካቶ ሻይ ሲጠጣ ከነጋዴ አፍ ይለቅማል። ቴክኒሻኗ ሌላ ፋብሪካ ከሚሠራ የድሮ የክፍል ጓደኛዋ፣ የማሸጊያ ማሽናችን በየሰዓቱ ለምን እንደሚቆም ትማርና ሰኞ ጠዋት ይዛ ከች ትላለች። ደግነቱ ኬላ አለን፦ «ከሥራ መደብሽ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ይህን ላለፈ «በጽሑፍ አቅርቢ» አለ። ይህንንም ላለፈ የሐሳብ መስጫ ሳጥን ተዘጋጅቷል፤ ቁልፉ ጡረታ ከወጡት የአስተዳደር ኃላፊ ጋር ነው።

ኬላ የሌለው ድርጅት ምን እንደሚገጥመው ስሪ ኤም የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የብርጭቆ ወረቀት አምራች ሳለ፣ ሪቻርድ ድሩ የሚባል ወጣት ሠራተኛው ናሙና ይዞ ሴንት ፖል ከተማ ወደሚገኝ የመኪና ቀለም ቤት ይሄዳል። ናሙናውን ሰጥቶ መመለስ ሲገባው የቀቢዎቹን እርግማን ቆሞ አዳመጠ። ጊዜው ባለሁለት ቀለም መኪና ፋሽን የሆነበት ነው፤ አንዱን ቀለም ለመከለል የሚለጥፉት ወረቀት ሲነሳ ቀለሙን አብሮ ይልጣል። ድሩ መፍትሔ ካላገኘሁ አለ። አለቃው ዊሊያም ማክናይት ወደ ብርጭቆ ወረቀትህ ተመለስ ቢሉት አልሰማም። እንደሚተረከው፣ እስከ 100 ዶላር የመግዛት ሥልጣን ስለነበረው የ99 ዶላር ትዕዛዝ እየደራረበ ለሙከራው ፈልጎ የተከለከለውን ማሽን ገዛ። እኛ ጋ ቢሆን ግዢ ከፋፍሏል ተብሎ በኦዲት ግኝት ተመዝግቦ በዲሲፕሊን ይሰናበት ነበር። እነሱ ግን ዝም አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1925 የቀቢዎቹን ፕላስተር፣ በ1930 ደግሞ ስኮችን አመጣባቸው። (የዱባዩን ፎቶ የለጠፍንበት ስኮች መሆኑን ለሥራ አስኪያጁ ማን ይንገራቸው?) ኩባንያው ይባስ ብሎ ሠራተኞቹ ከሥራ ሰዓታቸው 15 በመቶውን በራሳቸው ሐሳብ ላይ እንዲያውሉት ፈቀደ። ልቅነት!

እኛ ጠንቃቆች ነን። ካይዘን የተባለውን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ከጃፓን ስናስገባ እንኳ መፈክሩንና ወለሉ ላይ በቀለም የተሰመረውን መስመር ተረክበን፣ ሠራተኛ ሲናገር አለቃ የሚያዳምጥበትን ክፍል ጉምሩክ ላይ ትተነዋል።

የማሸጊያው ማሽን መቆሙን ሲቀጥል አማካሪ ቀጠርን። አማካሪ ሠራተኛ ስላልሆነ ኬላው አይመለከተውም። ሰውየው ብልህ ነው፤ በቀጥታ ወደ ቴክኒሻኗ ሄዶ ጠየቃት፣ ያለችውን ጻፈ፣ አስጠረዘ፣ በሦስት ዓመት ደመወዟ ልክ ሸጠልን። ጥናቱ ሲቀርብ ቦርዱ ተነሥቶ አጨበጨበ። ቴክኒሻኗ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም፤ ስብሰባው ከሥራ መደቧ ጋር አይገናኝም።