ኤች ያጣው ፈረስ

ክረምት ሲገባ እንጅባራ ላይ ከዝናቡ ጋር ተያይዞ የሚመጣ ነገር አለ፤ መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑ ዝም ይላል፣ የስልኩ ባትሪ ያልቃል፣ ሰው ከሰው ጋር ለመጫወት ይገደዳል። ዘንድሮ እኛ ቤት የገባው ጨዋታ ከአንድ ስም ፊደላት የእንግሊዝኛ ቃል መፈልፈል ነው። ያመጣብን የወንድሜ ልጅ ነው፤ ሚኒስትሪ ተፈትኖ ውጤት የሚጠብቅ ልጅ ሌላ ምን ይሠራል? ሕጉ አጭር ነው። ስሙ ውስጥ ከሌለ ፊደል አትበደርም፤ አንዴ የመጣውን ሁለቴ አትጠቀምም፤ ማገላበጥ ግን መብትህ ነው።

በከተማችን ጀመርን። እንጅባራ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አይ፣ ኤን፣ ጄይ፣ አይ፣ ቢ፣ ኤ፣ አር፣ ኤ ነው። ልጁ ወረቀቱን እንኳ ሳያስተካክል «ሬይን!» ብሎ ጮኸ። ዝናብ ማለት ነው። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ሳያንሰን ለካ በስማችንም ውስጥ ተቀምጧል። ቀጥሎ «ብሬይን» ወጣ፤ አንጎል። በዚህኛው ሁላችንም ተስማማን፣ ቡናም ተደገመልን።

ያልተስማሙት የዳንግላ ተወላጅ የሆኑት ጎረቤታችን ብቻ ናቸው። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁና ዳንግላን (በእንግሊዝኛ ዲ፣ ኤ፣ ኤን፣ ጂ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤ) መመንዘር ጀመሩ፤ «ላንድ» መሬት፣ «ጌይን» ትርፍ፣ «ግላድ» ደስተኛ። «እናንተ አንጎሉን ያዙ፤ እኛ መሬቱንና ትርፉን ይዘን ደስ ብሎን እንኖራለን» አሉ። በዚህም አላበቁም። እንግሊዛዊው ቆንስል ሜጀር ቺዝማን ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መቀመጫውን ዳንግላ ላይ አድርጎ እንደነበር፣ በኋላም በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፍ ማሳተሙን አስታወሱን። በእሳቸው ቤት እንግሊዝኛ ወደ አዊ የገባው በዳንግላ በር ነው።

እኔም ዝም አላልኩም። «ጋሼ፣ ጀምስ ብሩስስ?» አልኳቸው። ስኮትላንዳዊው ብሩስ ወደ አገው ምድር መጥቶ ጊሽ ዓባይ የደረሰው በ1770 ነው፤ ከቺዝማን አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ይቀድማል። በ1790 ባሳተመው ባለ 5 ቅጽ መጽሐፉ ስለ ኮሶ ዛፍ ጽፏል። ዛፉን በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊያስጠራው ሞክሮ ነበር፤ ይህ ሳይጸና ቀረ። ኮሶ የሚለው ስም ግን ጸንቶ ትልልቆቹ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቷል። እንግዲህ ከተማችን እንጅባራ ብቻ ሳትሆን ኮሶበርም ናት። እንግሊዝኛው የእኛን ኮሶ ውጦታል ማለት ነው፤ ሽሮት ከሆነም እሱ ያውቃል።

ኮሶበር ስትባል ደግሞ ዋናው ጉድ ይወጣል። ኬ፣ ኦ፣ ኤስ፣ ኦ፣ ቢ፣ ኢ፣ አር። የመጨረሻዎቹን አምስት ፊደላት ሳታገላብጥ እንዳሉ አንብባቸው፤ «ሶበር»፣ ያልሰከረ። የገበያ ቀን ማታ ከአረቄ ቤት የሚወጣ ሰው ይህን ቢነግሩት አያምንም። ከዚሁ ስም «ቡክስ»ም «ብሮክ»ም ይወጣሉ፤ መጻሕፍትና ባዶ ኪስ። ጎረቤታችን ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፈው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቷቸው። በኋላ «ይሄ የመምህር የደመወዝ ወረቀት ነው» አሉ።

ይህን ጨዋታ ፈረንጅ በካርቶን ሰሌዳ ይጫወተዋል፤ ስክራብል ይባላል። አልፍሬድ በትስ የተባለ ሥራ ያጣ አሜሪካዊ አርክቴክት፣ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ከጋዜጣ ላይ እየቆጠረ ሠራው። ጠጠሮቹ 100 ናቸው። የዚህ ጨዋታ ንጉሥ የኒውዚላንዱ ናይጀል ሪቻርድስ ሲሆን፣ በ2015 የፈረንሳይኛውን የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው ፈረንሳይኛ ሳይናገር ነው። የቃላት ዝርዝሩን ሸምድዶ ገባ። በ2024 በስፓኒሽም ይህንኑ ደገመው። ዓለም ተደነቀ፤ እኔ አልተደነቅሁም። የአምሳሉ አክሊሉንና የሞስባክን የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ገጽ በገጽ ሸምድዶ፣ ፈረንጅ ሰላም ሲለው ግን ላብ የሚያጠምቀው ተማሪ በየክፍላችን ነበረ። ሪቻርድስ የእኛ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ዋንጫ ሲያገኝ የእኛው ማትሪክ መውደቁ ነው።

ልጁ «ለምን በአማርኛ አንሠራውም?» አለ። ሞከርን። የስክራብል ሰሌዳ 225 ቤት አለው። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። እያንዳንዱን ፊደል አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ብንደረድር እንኳ ስድስቱ ውጭ ያድራሉ። ጠጠሮቹን ለመያዝ የስክራብል ከረጢት አይበቃም፤ የድንች ጆንያ ያስፈልጋል። ደግሞ ፀሐይ በጸሎቱ ጸ ነው በፀሐዩ ፀ? ዳኛ ሆነው የሚቀመጡ የኔታ ይጠሩ፤ እሳቸው ሲመጡ ጨዋታው ቀርቶ ትምህርት ይሆናል። እኔን ከጠየቃችሁ ተነባቢውን ብቻ ጠጠር አድርጎ አናባቢውን ለተጫዋቹ መተው ነው። ጎረቤታችን ግን «ካዕብን ከሣልስ ያልለየ ምኑን ተጫወተው!» ብለው እምቢ ብለዋል። በአውንጊ ለሚማሩት ልጆችም አንድ ቢሠራላቸው ደግ ነበር፤ አውንጊም በዚሁ ፊደል ነው የሚጻፈው።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች አደባባዩን የሚያጥለቀልቁባት ከተማ፣ በስሟ ውስጥ ፈረስ ይኖራት እንደሆነ ፈለግን። «ሆርስ» አምስት ፊደል ነው። ኮሶበር ውስጥ ኦ አለ፣ አር አለ፣ ኤስ አለ፣ ኢ አለ። ኤች የለም። ፊደልን ሀ ብሎ የሚጀምር ሕዝብ በአንዲት ሀ ፈረሱን አጣ!

ባሕር ዳር በእንግሊዝኛ ስትጻፍ መሐሏ ላይ ኤች አለች፤ ያገሬ ሰዎች ያለ እሷም ባርዳር እያሉ ይጠሯታል። ስለዚህ የሚመለከተው ክፍል ይህችን ኤች ለኮሶበር በውሰት እንዲፈቅድልን እንጠይቃለን። ከጥር 23 በፊት ብትደርስልን ይመረጣል።