ተራራው የሕዝብ፣ በሩ የኩባንያ

«ስኪ ድሮም የሀብታም ጨዋታ ነው፤ አቅም ያጣ ሌላ ጨዋታ ይፈልግ።»

ድሮማ እንዲህ አልነበረም! የኮሎራዶው ቬይል በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1962 ሲከፈት የቀን ትኬቱ 5 ዶላር ነበር። የስድሳ ዓመቱን የዋጋ ንረት ጨምሩበት፤ ከ50 ዶላር ጥቂት ቢያልፍ ነው። በ2024/25 የበረዶ ወቅት ግን ሰው በሚበዛባቸው ቀናት መስኮቱ ላይ የተጠየቀው 329 ዶላር ነው። በቀጣዩ ወቅት 356 ደረሰ። በረዶው ያው፣ ቁልቁለቱም ያው። የተለወጠው በሩን የያዘው ነው።

«ማን ነው የያዘው?»

ቬይል ሪዞርትስ የተባለው ኩባንያ ነዋ! በ1997 ኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ገባ። ከዚያ ወዲህ ተራራ በተራራ ላይ እየገዛ ዛሬ 42 ሪዞርት በእጁ ነው፤ ከዩታው ፓርክ ሲቲ እስከ ካናዳው ዊስለር፣ ከአውስትራሊያ እስከ ስዊዘርላንድ። ዋና ተፎካካሪው አልቴራም በ2018 አይኮን የሚባለውን፣ ወቅቱን ሙሉ የሚያስገባ ፓስ ይዞ መጣ። ሁለት ትልልቆች ሲፎካከሩ ዋጋ ይረክሳል ብሎ የጠበቀ ሰው፣ የቀን ትኬቱ ተያይዞ ሲወጣ አየ።

«ፓሳችን እኮ ርካሽ ነው!»

ለማን? ኤፒክ የተባለው የወቅት ፓሳችሁ በ2008 ሲጀመር 579 ዶላር ነበር፤ ለ2025/26 ወቅት ለሽያጭ የቀረበው በ1,051 ዶላር ነው። በወቅቱ ሃያና ሠላሳ ቀን ለሚንሸራተት ሰው ያዋጣል፤ ይህን አልክድም። ያ ሰው ግን ድሮም ስኪ ያውቃል። እግሩ በረዶ ረግጦ የማያውቀውስ? እንጀራ ቀምሶ የማያውቅ እንግዳ «መሶቡን ሙሉ ካልገዛህ ጉርሻ አይደርስህም» ተብሎ አያውቅም። የቀን ትኬቱን ሰማይ የሰቀላችሁት ፓሱ ርካሽ እንዲመስል ነው። በሰማይ ዋጋ የተመለሰው ግን ፓስ ገዝቶ አይደለም የሚመጣው፤ ጨርሶ ይቀራል።

«ለአንድና ለሁለት ቀን የሚሆን ቅናሽም አለን፤ ቀደም ብሎ የሚገዛ ያገኘዋል።»

ሽያጩ የሚዘጋው በዲሴምበር መጀመሪያ ነው፤ ወቅቱ ገና ሳይሞቅ። ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ የምትኖር ነርስ የፌብሩዋሪ ፈረቃዋን በኖቬምበር ከየት ታውቀዋለች? ኤርፖርት የሚሠራ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ቅዳሜው በአለቃው እጅ ያለ ሰው ከሦስት ወር በፊት፣ እረፍት ማግኘቱን ሳያውቅ ይክፈል? ቅናሹ የተሰፋው ጊዜው በእጁ ላለ ሰው ልክ ነው። ጊዜም ገንዘብም ያጠረው ሁለት ጊዜ ይቀጣል።

«አስቀድሞ መሸጡ በረዶ በሚጠፋበት ዓመት ያድነናል።»

እናንተን ያድናል። በረዶ ሳይጥል ገንዘቡ ኪሳችሁ ገብቷል። ሰማዩ ቢነፍግ የሚከስረው ከፋዩ ነው። የአየር ጠባዩን ጣጣ ከባለ አክሲዮኑ ትከሻ አውርዳችሁ ቤተሰብ ላይ ጫናችሁት፤ ስሙንም ቅናሽ አላችሁት።

«አንድ ሰው ፓስ ካለው እኮ ጓደኛውን በግማሽ ዋጋ ይጋብዛል!»

የ356 ግማሽ 178 ነው፤ እሱም ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሰው። ደግሞስ ፓስ ያለው ጓደኛ የሌለውስ? ስደተኛ በሚበዛበት ሰፈር መቶ ቤት ብታንኳኩ ፓስ ያለው አንድ እንኳ ላታገኙ ትችላላችሁ። ጋባዥ በሌለበት ግብዣ የለም።

«ዴንቨር ለሚኖር ሰው ተራራው ቅርብ ነው፤ ምን ያማርረዋል?»

ቅርበቱማ ቅርብ ነው፤ በአይ-70 አውራ ጎዳና 160 ኪሎ ሜትር ያህል። የዴንቨር ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ግን በ2025 18.81 ዶላር ነበር። 329 ዶላር ለማግኘት፣ ታክስ ሳይነካው፣ ከ17 ሰዓት በላይ ይሠራል። ሁለት ቀን ሙሉ ተለፍቶ አንድ ቀን መንሸራተት! የጫማው፣ የስኪውና የሄልሜቱ ኪራይ፣ ፓርኪንጉና ነዳጁ ገና አልተነሱም። እዚያ ያደጉ የወገኖቻችን ልጆች ተራራውን ከሰፈራቸው ሆነው ያዩታል፤ ሳይረግጡት ያድጋሉ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

«ለተማሪዎችማ ነጻ ቀን እንሰጣለን።»

ትሰጣላችሁ፤ ለኮሎራዶ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የምታደርጉት በጎ ሥራ ነው፤ ተመስገኑበት። የስምንት ዓመት ልጅ ግን መኪና ነድቶ አይመጣም። ልጁን ያስገባችሁበትን በር እናቱ ፊት ከዘጋችሁት፣ ልጁም ቤቱ ይውላል።

«ሐበሻን ከስኪ ጋር ምን አገናኘው?»

ሮቤል ተክለማርያም ያገናኘዋል። በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በአገር አቋራጭ ስኪ 15 ኪሎ ሜትር ሮጠ፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይ ደገመው። ከልጅነቱ ከፊሉን ያሳለፈው በሌክ ፕላሲድ፣ ኒው ዮርክ ነው። እዚያ አጠገብ ያለው የዋይትፌስ ተራራ ደግሞ የግዛቱ መንግሥት ንብረት ነው። ልጅ በረዶ ላይ የሚቆመው በር ሲከፈትለት ነው፤ ትውልድ አገሩ አያግደውም።

«ወጪያችን ከባድ ነው፤ ለሠራተኛውም እንከፍላለን።»

ሠራተኛውን ካነሳችሁማ ፓርክ ሲቲን እናንሳ። ስኪ ፓትሮሎች ጎህ ሳይቀድ ተራራው ላይ ናቸው። በድማሚት የበረዶ ናዳውን ሆን ብለው ያፈርሱታል፤ እንግዳ ላይ ከመውረዱ በፊት እነሱ ያወርዱታል። እግሩ የተሰበረውን ሰው በበረዶ ቃሬዛ ጠፍረው ቁልቁል ያወርዱታል። ሲቀጠሩ በሰዓት 21 ዶላር የነበረውን 23 አድርጉልን አሉ። አልሆነም ተባሉ። ዲሴምበር 27 ቀን 2024፣ በበዓሉ ሞቅታ መሐል፣ ሥራ አቆሙ። ብዙው ቁልቁለት ሳይከፈት ቀረ፤ የሊፍቱ ሰልፍ ረዘመ። ጃንዋሪ 8 ቀን 2025 የጠየቁትን 23 ዶላር የያዘ ስምምነት አጽድቀው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ኩባንያው ደግሞ በእነዚያ ቀናት ለመጡ እንግዶች ለቀጣዩ ፓስ ዋጋ የሚቆጠር ማካካሻ እሰጣችኋለሁ አለ። ለካ ገንዘቡ ነበር! ትኬት ሲወደድ «ለሠራተኛው ነው» የሚል አፍ፣ ሠራተኛው ሁለት ዶላር ሲጠይቅ መዘጋት አልነበረበትም።

«ስኪ በየትም አገር ውድ ነው።»

በየትም አይደለም። ኦስትሪያ ሂዱ፤ ስመ ጥር ተራሮቿ ላይ የቀን ትኬት ከ100 ዩሮ በታች ነው። እዚያም ሊፍት ይገዛል፤ እዚያም ሰው ሠራሽ በረዶ ይረጫል፤ እዚያም ደመወዝ ይከፈላል።

«እንግዲያው አማራጩን አሳዩን!»

አሜሪካ ውስጥ አለ። ቦይዚ፣ አይዳሆ አጠገብ ያለው ቦገስ ቤዚን ለትርፍ ያልቆመ ነው። በ1998 የወቅት ፓሱን ከ500 ዶላር ወደ 199 አወረደው፤ ሕዝቡ ተሻምቶ ገዛው፤ ተራራውም ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ሞንታና ውስጥ ብሪጀር ቦውል ለትርፍ አይሠራም። ቬርሞንት ውስጥ ማድ ሪቨር ግሌንን በ1995 ስኪተኞቹ ራሳቸው በኅብረት ሥራ ማኅበር ገዙት። ሦስቱም ሊፍት ያንቀሳቅሳሉ፤ ሦስቱም ደመወዝ ይከፍላሉ። የሩብ ዓመት ትርፍ የሚጠብቅ ባለ አክሲዮን ግን የላቸውም።

«ያም ሆነ ይህ ንብረቱ የኛ ነው፤ ዋጋውን የምንተምነው እኛ ነን።»

ሊፍቱ የእናንተ ነው። ተራራው አይደለም! በኮሎራዶ ሪዞርቶቻችሁ በቬይል፣ በቢቨር ክሪክ፣ በብሬክንሪጅና በኪስቶን ሰው የሚንሸራተትበት አብዛኛው ቁልቁለት ዋይት ሪቨር ብሔራዊ ደን ነው፤ ባለቤቱ የአሜሪካ ሕዝብ። እናንተ ከአሜሪካ የደን አገልግሎት ፈቃድ የወሰዳችሁ ተከራዮች ናችሁ። በ1996ቱ ሕግ የምትከፍሉትም ከገቢያችሁ ከመቶ 1.5 እስከ 4 ነው። ለሕዝብ ከመቶ 4 የማይበልጥ የሚከፍል ተከራይ፣ ያንን ሕዝብ በ356 ዶላር ከደጅ የመመለስ መብት ሊኖረው አይገባም።

«ታዲያ ምን አድርጉ ነው የምትሉት?»

አንድ ነገር። በሕዝብ መሬት ላይ የቆመ ሪዞርት ሁሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ አዋቂ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው መስኮት፣ የሰዓት ደመወዝተኛ የሚችለው ዋጋ ይኑረው። ቀድሞ መግዛት፣ ጋባዥ መፈለግ ሳይጠየቅ። ይህ በኩባንያው በጎ ፈቃድ አይተው፤ የደን አገልግሎቱ በፈቃዱ ላይ ይጻፈው፤ ኮንግረስም በሕግ ያስረው።

«እሱማ ፈቃዱ ሲታደስ ይታያል፤ ታገሡ።»

ፈቃዱ እስከ 40 ዓመት ይሰጣል። ዛሬ የስምንት ዓመት ልጅ ያኔ 48 ይሞላዋል። አንታገሥም!