የተመሰገነ ሐሳብ

አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ደጋ ሰንብቶ የሕዝቡን ጠባይና አነጋገር ከመረመረ በኋላ፣ በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ መሰየሙ ማስተዋል ቢሆንም፣ የቅኔው ምስጢር ከቅኔ ማኅሌት ወጥቶ በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ምን ያህል እንደ ረቀቀ ለማየት አልታደለም።

በስብሰባ መካከል አንድ ወጣት ሠራተኛ ተነሥቶ «የስብሰባችን ሰዓት ይጠር» ቢል፣ ሰብሳቢው በትሕትና ራሱን ነቅንቆ፣ «ወንድማችን ያቀረበው ሐሳብ እጅግ የተመሰገነ ነው፤ እግዚአብሔር ዕውቀቱን ይባርክለት፤ ነገር ግን በጥልቀት ይጠና ዘንድ ኮሚቴ ይቋቋም» ይላል፤ ኮሚቴውም ስብሰባ ስለሚበዛበት፣ ስብሰባን ስለ ማሳጠር ለመምከር ጊዜ ሳያገኝ ይኖራል። ባለ ሐሳቡም ተመርቆ እንጂ ተነቅፎ ስላልተመለሰ፣ ቅር የሚሰኝበት ቃል አጥቶ፣ እጅ ነሥቶ ይቀመጣል።

ቄሮ በተባለው የአባቶች የጥበቃ ሥርዓት ይጠበቅ የነበረው የመንዝ ጓሳ ሣር እንኳ፣ ለዓመታት ከተከለከለ በኋላ ቀኑ ሲደርስ ለአጨዳ ይፈቀድ ነበር፤ በቃለ ጉባኤ የተከለለ ሐሳብ ግን፣ ማጭዱን የያዘው ኮሚቴው ነውና፣ ከምስጋና በቀር ምንም አይታጨድበትም።