በአጥር ላይ የሚሰጥ አደራ

አውሮፓ ውስጥ ጥንቸል የሚያሳድግ ቤተሰብ ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ከመውጣቱ በፊት የሚያየውን አበሳ ለሰሜን ጎንደሯ የዳባት ከተማ ሰው ቢያጫውቱት ተረት ይመስለዋል። ጥንቸል ደረቅ ሣር ከፊቷ ከጠፋ አንጀቷ ሥራ ያቆማል፤ ግማሽ ቀን እህል ውኃ ሳትቀምስ ከዋለች ወደ ሐኪም መሮጥ ግድ ነው። ስለዚህ ጠባቂ ይፈለጋል፣ መመሪያ ይጻፋል፣ የእንስሳት ሐኪሙ ስልክ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጠፋል፣ ለእያንዳንዱ ሌሊት ሒሳብ ይከፈላል። ዳባት ከዚህ ሁሉ ጣጣ የተገላገለችው ገና ድሮ ነው። ጥንቸሏ ራሷ ሰኮናዋ አልተሰነጠቀም ተብላ በኦሪት ዘሌዋውያን ከርኩሳን ተርታ ስለገባች ለድስትም ለግቢም አልታደለችም። ውሻ፣ ድመትና ዶሮ ያለው የከተማው ነዋሪ ደግሞ መንገድ ሲነሣ የሚያስፈልገው አንገትን በአጥር ላይ ማስገግና አንዲት ቃል ማውጣት ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ውሻውን አደራ!»

አለቀ። ባለቤቱ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ነፃ ሰው ነው። ሚኒባሱ አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርስ ውሻ የሚባል ፍጡር ከሐሳቡ ወጥቷል።

የዚህን አሠራር ጥቅም መካድ አይቻልም። ወረቀት አይፈልግም፣ ብር አይጠይቅም፣ ቀን አይቆረጥለትም። «ለሁለት ቀን ነው» ይባላል፤ ሁለት ቀን ማለት ግን እንደ መንገዱ ነው። ለጥምቀት ጎንደር የወረደ ሰው የቃና ዘገሊላን፣ ቀጥሎ የአክስቱን ልጅ ሠርግ፣ ከዚያም የሠርጉን መልስ ሳያይ አይመለስም። ሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ የወረደ ጎልማሳ የሚመለሰው ሰሊጡ ሲያልቅ ነው። ዋልድባ ሱባዔ የገባን ሰው መቼ ትመለሳለህ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። ከሁሉም የሚከፋው ግን ለሥልጠና ባሕር ዳር የተጠራው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሥልጠናው ሲራዘም አበሉ ይራዘማል፤ የውሻው አበል ግን መጀመሪያውኑ አልተያዘም።

ሕግ የሚባል ነገርስ? አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውል በተዋዋዮች ስምምነት የሚቆም መሆኑን ይናገራል፤ በቁጥር 1682 ደግሞ ዝምታ እሺታ እንዳልሆነ ይደነግጋል። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ከእጁ አምልጦ እንኳ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑም በቁጥር 2071 ሰፍሯል። የዳባት አጥር ግን የራሱ ሕግ አለው። እዚያ «እግዜር በሰላም ያግባህ» የሚል ምርቃት እንደ ሙሉ ስምምነት ይቆጠራል። እትዬ ወጡ እንዳያርርባት ወደ ማድቤት እየሮጠች «ውይ፣ እኔ ደግሞ የምሰጠው...» ብላ ሳትጨርስ የተወችው ነገርም እንደ ፊርማ ይያዝባታል። ውሻው ቢነክስ ግን ጥያቄው ወደ ማን እንደሚሄድ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ባለቤቱ አገር ውስጥ የለማ!

ሕዝቡ መዋዋል አያውቅም እንዳይባል፣ በዚሁ በዳባትና በወገራ ገጠር ላም በርቢ ሲሰጥ የሚደረገውን ድርድር የሰማ ሰው ጠበቃ ቤት የገባ ይመስለዋል። የሚወለደው ጥጃ እንዴት ይካፈላል፣ ወተቱን ማን ይጠጣዋል፣ ላሚቱ ገደል ብትገባ በምን ይታመናል፣ ሁሉም በሰው ፊት ተነግሮ ይታሰራል። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች መቀናጆ ሲገቡ በሬዎቹ የማን ማሳ ላይ በየትኛው ቀን እንደሚውሉ አስቀድሞ ይሰላል። ደባርቅ ላይ ወደ ስሜን ተራሮች ለሚወጣው ቱሪስት ሻንጣ የሚጭነው በቅሎ እንኳ የሚከራየው ከነነጂው ነው። ባለበቅሎው ልጓሙን ለፈረንጅ አስጨብጦ «በቅሎዬን አደራ» ሲል የሰማ ካለ ይምጣና ይመስክር። ብልሃቱ ሞልቷል። ወተት የማይታለብ፣ የማያርስ፣ የማይጫን እንስሳ ሲሆን ግን ምላስ ይተሳሰራል፣ ሽማግሌውም ምስክሩም ይጠፋል፣ የቀለቡም ነገር «ያው ከምትበሉት» በሚል ይታለፋል።

ከምትበሉት! ዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ነው። የጿሚ ቤት ትራፊ ምን እንደሆነ ማንም ያውቀዋል፤ የሽሮ ድስት ቂጥና የእንጀራ ቁራሽ። ውሻው ሳይጠመቅ ጿሚ ይሆናል። አንዳንዱ ባለቤት ለሕሊናው ሲል አራት የደረቀ እንጀራ በፌስታል ቋጥሮ አጥሩ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። ፌስታሉን መጀመሪያ የሚያገኙት ዶሮዎቹ ናቸው፤ ቀጥሎ የእትዬ ፍየል ፌስታሉን ጭምር ትጨርሰዋለች። ለውኃ ደግሞ ጠርዙ የዛገ የወተት ዱቄት ጣሳ ከባሕር ዛፉ ግንድ ሥር ተቀምጧል። በመጀመሪያው ቀን ሞልቶ ነበር። ገመዱ ግንዱ ላይ ሦስት ጊዜ ከተጠመጠመ በኋላ ውሻው ጣሳው ጋ የሚደርሰው በኋላ እግሩ ነው፤ ሲደርስም ይገለብጠዋል።

ስለ ርቀት ካነሡ አይቀር፣ በአደራ ርዝመት የባሕር ማዶውን ልጅ የሚስተካከለው የለም። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር የጎንደር ልጅ ለራሱ ውሻ የሌሊት ክፍያ የሚጠይቅ ማሳደሪያ መርጦ፣ የክትባት ወረቀት አቅርቦ፣ በስልክ ካሜራ እያየ ነው ለዕረፍት የሚወጣው። ያው ሰው ክረምት ላይ አገሩ ሲገባ ለእናቱ ብሎ ጆሮው የቆመ የጀርመን ውሻ ይገዛል። «እማማ ብቻዋን ናት፣ ጠባቂ ትፈልጋለች» ይላል። ጠባቂው ከእማማ የጡረታ ብር የሚበልጥ ሥጋ የሚፈልግ መሆኑን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ይበራል። እማማ ውሻ ተረከቡ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ በቪዲዮ ሲደወል መጀመሪያ የሚጠየቀው የእማማ ጉልበት አይደለም፤ «ሬክስስ? እስቲ አሳዩኝ!» ነው። እማማም በአንድ እጃቸው ስልኩን፣ በሌላው ገመዱን ይዘው እየተጎተቱ ያሳያሉ።

ወደ ባሕር ዛፉ እንመለስ። ውሻው በሦስተኛው ሌሊት ሰፈሩን እንቅልፍ ነሥቶ ያድራል፤ በአራተኛው ቀን እትዬ ወይም ከልጆቿ አንዱ ገመዱን ይፈቱታል። ይህ ክፋት አይደለም፤ እሷ የቀራት የመጨረሻ ርኅራኄ ነው። «ሄዶ ራሱን ይቻል» ይባላል። ውሻውም ራሱን ይችላል። ሉካንዳ በር ላይ ይተኛል፣ ቆሻሻ መጣያ ላይ ከሌሎች የአደራ ውሾች ጋር ይተዋወቃል፣ ማታ ከጅብ ጋር ይፋጠጣል፣ ጠዋት ተማሪ ያባርራል።

እዚህ ላይ ነገሩ ቀልድ መሆኑን ያቆማል ብሎ የሚፈራ አንባቢ አይጨነቅ፤ ባለቤቱ አሁንም እየተዝናና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይሞታል፤ ለሰው የሚያስተላልፈው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ውሻ ነው፤ ከሟቾቹ 40 በመቶ ያህሉም ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በሽታው ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በ1884 እ.ኤ.አ. በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ መዛመቱን ሪቻርድ ፓንክረስት የመሰሉ የታሪክ ሰዎች መዝግበዋል። ከበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረውን፣ ቀን በቀን ሆድ ላይ የሚወጋውን ክትባት የቀመሰ ትልቅ ሰው ዛሬም ሲያወራው እምብርቱን በእጁ ይሸፍናል። የተነከሰ ቁስል ወዲያው በሳሙናና በውኃ ሩብ ሰዓት ያህል ታጥቦ ክትባቱ በጊዜ ካልተጀመረ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል።

መከላከያው ደግሞ ቀላል ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል ይላሉ ባለሙያዎቹ። የእንስሳት ሐኪሙ ክትባት ይዞ ቀበሌ ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ውሻ ነው?» የሚል ነው። ባለቤቱ መተማ ነው። እትዬ «እኔማ አደራ ብሎኝ ነው እንጂ የእኔ አይደለም» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ለሰው ውሻ ግማሽ ቀን ሰልፍ የሚቆም የለም። ስለዚህ ውሻው ሲጮኽ ባለቤት አለው፣ ሲከተብ ባለቤት የለውም። ዳባት ውስጥ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ ከቤት የወጣውንና የገባውን ሰው ቤት ለቤት እየዞረ ይመዘግባል። ከአገሪቱ ብርቅ መዝገቦች አንዱ ነው። ለአደራ ውሻ አንድ ዓምድ ቢጨመርበት መዝጋቢዎቹ ቀለም አይበቃቸውም ነበር።

ደባርቅ ዳርና በፓርኩ ጠርዝ ባሉ ቀበሌዎች ደግሞ የተፈታው ውሻ ሌላ ዕድል ይገጥመዋል፤ ጎብኚ ይሆናል። መግቢያ ሳይከፍል፣ ስካውት ሳይከተለው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገባል። ይህ ፓርክ በ1969 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ናቸው ከተባሉት መዝገብ ገባ፤ ከዚያ ለመውጣት እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ደጅ ጠንቷል። ውስጡ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የሌለ እንስሳ። ቀይ ቀበሮን ሰው በጥይት ከሚጎዳው ይልቅ ውሻ በምራቁ የሚጎዳው ይብሳል። በ2003 እ.ኤ.አ. ባሌ ውስጥ ከውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ የነበሩትን ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨርሷቸዋል፤ የቀሩትን ለማትረፍ ባለሙያዎች ቀበሮ እያጠመዱ መክተብ ነበረባቸው። እንግዲህ አስቡት፦ አንድ ሰው ሠርግ ሲሄድ ለጎረቤቱ አንድ ዳውላ ገብስ ትቶ ቢሄድ ኖሮ ለማትረፍ የሚቻለውን የውጭ ምንዛሪ!

አንድ ነገር እዚህ መለየት አለበት። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ደጃፍ ሲደርስ ልጁን አዝሎ የወጣ ሰው ከብቱንም ውሻውንም ትቶ ነው የሄደው። ለአደራ የሚሆን ጎረቤትም አልቀረለትም። ይህ ሽሙጥ እሱን አይመለከተውም። የሚመለከተው ትኬቱን ከሳምንት በፊት ቆርጦ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ ውሻው ትዝ የሚለው ታክሲው ጥሩንባ ሲነፋ የሆነውን ሰው ነው።

ይህ ሰው ሲመለስ ደግሞ ማየት ነው። ከባሕር ዳር መጥቷል፤ የሥልጠናው ቦርሳ በትከሻው፣ በእጁ ለእትዬ ሁለት ኪሎ ማንጎ። ማንጎው የአሥራ ስምንት ቀን ቀለብ፣ የተገለበጠ ጣሳና የተበላች አንዲት ዶሮ ዋጋ ነው። ውሻው እትዬ በር ላይ ተጋድሟል። ባለቤቱን ሲያይ ብድግ ብሎ ጥርሱን ያሳየዋል፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል የተባለው እንዲህ ዓይነቱን ቀን አይቶ ነው።

«እትዬ፣ ምን አብልተሽው ነው እኔኑ የሚያጉረመርምብኝ?»

«አንተ ያላበላኸውን።»

ሰውየው ይሥቃል። እትዬም እንዳይቀየም አብራ ትሥቃለች፤ ማንጎውንም ትቀበላለች፣ ጉርብትና ነውና። ቡና ይፈላል። በሁለተኛው ስኒ ላይ ሰውየው የሥልጠናው ሁለተኛ ዙር አዳማ መሆኑን፣ አሥራ አምስት ቀን እንደሚፈጅና የሚነሣውም ሰኞ እንደሆነ ይናገራል። ድመቷም ወልዳለች።