የእሾህ መርፌ

የእህቴ ልጅ ነጭ ጋዋን ባየ ቁጥር እናቱ ጀርባ ይሸሸጋል። አልፈርድበትም። እኛም ማጀቴ ከተማ ያደግነው «ዝም በል፣ መርፌ አስወጋሃለሁ» እየተባልን ነው። በወባ አገር ደግሞ ጣቱን ሳይወጋ የሚያድግ ልጅ የለም።

አውሮፓ ውስጥ የሕክምና ተማሪዎች ሕፃናቱን አሻንጉሊታቸውን ይዘው እንዲመጡ እያደረጉ «ያክሙላቸዋል»፤ ልጁ እያየ ፍርሃቱ ይለቀዋል። ይህን ሳነብ የእህቴ ልጅ ትዝ ቢለኝ ከአዲስ አበባ የፕላስቲክ የሐኪም መጫወቻ ገዛሁለት። ወደ ማጀቴ ስሄድ ግን ሸዋ ሮቢት መኪና ስቀይር ፌስታሉን ረሳሁት።

«ምን አመጣህልኝ?» አለኝ ገና ከበር።

ጓሮ ካለችው ፓፓያ አንድ ቅጠል ከነዘንጉ ቆረጥኩ፤ ወተቱን አጥቤ አደረቅኩት። ዘንጉ ውስጡ ባዶ ነው። አንዱን ጫፍ ደረቴ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረግኩለት። «ይመታል!» ብሎ ጮኸ። ፈረንሳዊው ሐኪም ላኔክም በ1816 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመጀመሪያውን ማዳመጫ የሠራው ወረቀት ጠቅልሎ ነበር። ፕላስቲኩ ቢደርስ ኖሮ ምንም አያሰማውም ነበር።

በዚያው ደስታ የግራር እሾህ ነቀልኩና የወባ ምርመራ እንዴት እንደሆነ ጣቴን ነካ አድርጌ አሳየሁት። በማግስቱ ከቤቱ ጀርባ ሦስት የጎረቤት ልጆች ተሰልፈው አገኘሁ፤ ሁሉም ጣታቸው ደምቷል፣ እሾሁ ግን አንድ ነው።

ወደ ጤና ኬላ ሮጥኩ። ሲስተር የምንላት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አልተቆጣችም። ልጆቹን በሳሙና አሳጠበችና «ለወላጆቻቸው አንተው ንገር» አለችኝ። ሦስት ደጅ አንኳኳሁ። አንዷ እናት የልጇን ጣት ይዛ ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ወንድምዓለም፣ አንተ እኮ የተማርክ ነህ» አለችኝ። ዛሬም ድረስ ይሰማኛል።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር እራሷ መጣች። መሬት ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀምጣ እሾሁን በጭድ ተካችው፤ ለአንድ ልጅ አንድ ጭድ፣ ያገለገለው ወዲያው ካርቶን ውስጥ። የተሳሳተ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያ ይጀምራል። ሲመሽም በነጠላዬ አጎበር ሠርተው አንዲት የጨርቅ አሻንጉሊት ከሥሩ አስተኙ።

ጥቅምት ላይ ልጁን ትኩሳት ያዘው። እህቴ በስልክ እንደነገረችኝ፣ ጤና ኬላው ሲደርሱ እጁን ራሱ ዘረጋ፤ መርፌዋ ስትቀርብ ግን ጣቱን ሰበሰበ።

«ሲስተር፣ አዲስ ናት?»

ሲስተር መርፌዋን መልሳ አስቀመጠችና ያልተከፈተ ሌላ አውጥታ፣ ዓይኑ እያየ ቀደደችለት።