ከደንቨር ወደ ሶዶ፦ ስለ ማኅተም ቀለም የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ እናት፤ ወላይታ ሶዶ።

የዚህ ደብዳቤ ዓላማ ልጃቸው በደንቨር ከተማ ከሥራ መልስ የተጠመደበትን «ስክራፕቡክ» ማስረዳት ሲሆን፣ ቃሉ ፎቶግራፍና ቁርጥራጭ ወረቀት ተለጥፎበት፣ ጥቂት ጽሑፍ ታክሎበት በማኅተም የሚያጌጥ የትዝታ አልበም ማለት ነው። በሶዶ ማኅተም በኃላፊው መሳቢያ የሚቆለፍ፣ ከፊርማና ከቲተር ጋር ካልታየም ባለጉዳይን «ነገ ተመለስ» የሚያሰኝ ክብ ዕቃ በመሆኑ፣ ጎልማሳ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የቢራቢሮ ማኅተም ሲመታ ያመሻል የሚለውን ወሬ ለጎረቤት ባይነግሩት ይመረጣል።

የቀለሙ ምርጫ ግን ቀልድ አይደለም። በብዛት የሚሸጠው ቀለም ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አንደኛው «ዳይ» የተባለው፣ ማቅለሚያው በውኃ የሚሟሟ ነው፤ ሁለተኛው «ፒግመንት» የማይሟሙ ደቃቅ ብናኞችን ይሸከማል። ልዩነቱ ከእናት ረከቦት ዘንድ ይገኛል፤ ስኳር በሻይ ውስጥ ገብቶ እንደሚጠፋ ሁሉ ዳይ በውኃ ውስጥ ይጠፋል፣ ፒግመንት ግን እንደ ቡና አተላ ነው። ዳይ ወረቀት ውስጥ ሰርጎ ቶሎ ይደርቃል፣ ብርሃን ሲበዛበት ግን ይደበዝዛል፤ ፒግመንት ወረቀቱ ላይ ተኝቶ፣ ለመድረቅ ተለምኖ፣ ከደረቀ በኋላ ዕድሜው ረጅም ነው። የጽሕፈት ቤቶች ወይን ጠጅ ማኅተም ሜቲል ቫዮሌት በተባለው ማቅለሚያ ሲሠራ ስለኖረ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የምስክር ወረቀት ባለቤቱ ጡረታ ሳይወጣ ማኅተሙ ጡረታ ይወጣል። የብራና ጸሐፍት ጥቁር ቀለም ግን የሚዘጋጀው ከጥላሸት ነው፤ ጥላሸትም ፒግመንት በመሆኑ፣ መቶ ዓመታት ያለፋቸው መጻሕፍት ዛሬም ጠቁረው ይነበባሉ። ደብተራው የደንቨርን ሱቅ ሳያይ ምርጫውን አውቆታል።

ፒግመንት ችግር የሚፈጥረው በሚያብረቀርቅ ፎቶግራፍ ላይ ነው፤ ገጹ ቀለም ስለማይጠጣ ቀለሙ እርጥብ ሆኖ ይሰነብታል። ልጃቸው ይህን የተረዳው ዘግይቶ ሲሆን፣ እናትና አክስት ዱንጉዛ ለብሰው በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ፣ በተነሡት ፎቶግራፍ ጥግ ላይ «2016» ብሎ መትቶ፣ በማግስቱ ደርቋል ብሎ ቢያነሣው፣ ስድስት ቁጥር በአውራ ጣቱ ላይ ተገልብጣ፣ ከአውራ ጣቱም ወደ አክስት ጉንጭ ተቃንታ ተሻግራለች። አክስት እስከ ዛሬ ቁጥሩን ተሸክመው ፈገግ እንዳሉ ናቸው፤ ይህ ክፍል ለእርሳቸው ባይነበብ ይሻላል። ለእንዲህ ያለው ገጽ የሚስማማው «ሶልቨንት» የተባለው፣ በውኃ ፈንታ በቶሎ በሚተን ፈሳሽ የተበጠበጠ ቀለም ሲሆን፣ በመስታወትና በፕላስቲክም ላይ ይይዛል፤ ሽታው ስለሚከብድ ግን መስኮት ሳይከፈት አይነካም።

የቀረው የፊደል ጉዳይ ነው። የወላይትኛ ጽሕፈት በላቲን ፊደል በመሆኑ «ዮዮ ጊፋታ» የሚለው ምኞት በደንቨሩ ሱቅ በተገዛ የፊደል ማኅተም ተመትቷል፤ «መልካም በዓል» የሚለው ግን በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ስለሆነ በሱቁ አልተገኘም። ስለዚህ እናት በሶዶ ጎማ ማኅተም ከሚቀርጹት ዘንድ አንድ አሠርተው እንዲልኩ፣ ቅርጹም ክብ እንዳይሆንና ወይን ጠጁ ቀለም አብሮ እንዳይላክ በአክብሮት ይለመናሉ።